ግንድ ላይ ተሳፍረው የመጡ

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከካሪቢያን ባሕር ተነሥቶ ፊላደልፊያ ወደብ የደረሰ አንድ ጭነት ነበር። ጭነቱ አፈር ነው። አንጉዊላ ከምትባል ትንሽ ደሴት ዋሻ ውስጥ ተዝቆ፣ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት ይኖረው እንደሆነ እንዲመረመር የተላከ አፈር። ዋጋውን ለመገመት ሲያገላብጡት ከመካከሉ አጥንትና ጥርስ ወጣ። ግኝቱ በከተማዋ ይሠራ ለነበረው ወጣት የተፈጥሮ ተመራማሪ ለኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ ደረሰው። ኮፕ ጥርሶቹን መርምሮ ከአይጥ ወገን የሆነ እንስሳ መሆኑን ለየ፤ ለአይጥ ግን እጅግ ግዙፍ ነበር። በ1868 አምብሊራይዛ ኢኑንዳታ የሚል ስም አወጣለት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የእግሮቹን አጥንት ውፍረት የለኩ ሰዎች ክብደቱን ከ50 እስከ 200 ኪሎ ግራም አድርሰውታል። ትልቁ ከሁለት ጎልማሳ ሰዎች በላይ ይመዝን ነበር ማለት ነው።

አንጉዊላን ዛሬ የሚያውቃት ሰው በአብዛኛው የሚያውቃት በባሕር ዳርቻዎቿ ነው። የብሪታንያ የባሕር ማዶ ግዛት ናት። ርዝመቷ 26 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወርዷ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍተኛው ኮረብታዋ መቶ ሜትር አይሞላም። ወንዝ የላትም። ድንጋይዋ ኖራማ፣ አፈሯ ስስ፣ ዛፏ አጭር ነው። ነዋሪዎቿ የባሕር ዳርቻዎቻችን ሠላሳ ሦስት ናቸው ይላሉ፤ ሾል ቤይ፣ ሚድስ ቤይ፣ ራንዴቩ ቤይ ከሁሉም የታወቁት ናቸው። ነጩ አሸዋ የኮራልና የዛጎል ስብርባሪ ነው፤ ማዕበል ዘመን ከዘመን ሲፈጨው ኖሮ ዱቄት ሆኗል። በዚህች ደረቅና ጠፍጣፋ ምድር ላይ ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝን ቅጠል በላተኛ እንዴት ኖረ? ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ዙሪያዋን ባሕር በከበባት ደሴት እንዴት ገባ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁለተኛው ይቀላል። በበረዶ ዘመን የዓለም ውሃ ብዙው በረዶ ሆኖ በምድር ላይ ሲከመር፣ የባሕሩ ወለል ከዛሬው ወደ 120 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። አንጉዊላ፣ ሴንት ማርቲንና ሴንት ባርትስ የተቀመጡት በአንድ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የባሕር ውስጥ ደልዳላ መሬት ላይ ስለሆነ፣ ውሃው ሲሸሽ ሦስቱ ተያይዘው ከዛሬዋ አንጉዊላ በብዙ እጥፍ የሚሰፋ አንድ አገር ይሆኑ ነበር። ውሃው ሲመለስ አገሩ ይጠባል፤ መሰማሪያውም ያልቃል። አምብሊራይዛ ሰው በእነዚህ ደሴቶች ሳይረግጥ በፊት ከምድር ጠፍቷል። ኮፕም ምድሪቱን ውሃ እንደዋጣት ገምቶ ነበር፤ ለእንስሳው የሰጠው ስም የውሃ መጥለቅለቅን የሚያስታውሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን መልስ እያጣ ብዙ ዘመን ቆየ። ከዚህ ደልዳላ በስተምዕራብ፣ ወደ ቨርጂን ደሴቶች የሚወስደው የአኔጋዳ መተላለፊያ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ባሕሩ መቶ ሃያ ቀርቶ አምስት መቶ ሜትር ቢወርድ እንኳ በእግር አያሻግርም። ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚወስደውም የደሴቶች ሰንሰለት አብዛኛው እሳተ ገሞራ አንድ በአንድ ከባሕር ያወጣው ነው። ድልድይ በሌለበት አገር ነዋሪው ከወዴት መጣ?

ኮፕ ያንን ጥርስ ከማየቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ እንግሊዝ አገር ቻርልስ ዳርዊን ይህንኑ ጥያቄ በጠርሙስ ውስጥ ከቶት ነበር። በእነዚያ ጠርሙሶች ባስብ አይሰለቸኝም። ዳርዊን የአትክልት ዘር ሰብስቦ በጨው ውሃ ዘፈዘፈና ጠበቀ። ከ87 ዓይነት ዘር 64ቱ ከ28 ቀን በኋላ አውጥቶ ሲዘራቸው በቀሉ። ጥቂቶቹ 137 ቀን ከከረሙ በኋላ እንኳ ሕይወት ነበራቸው። ባሕር ለዘር መቃብር አይደለም ማለት ነው፤ ጎዳና ሊሆንለት ይችላል። ዳርዊን ሌላም ነገር አስተዋለ። ከአህጉር ርቀው በውቅያኖስ መሐል በተቀመጡ ደሴቶች እንሽላሊት ይገኛል፤ እንቁራሪትና በየብስ የሚሄድ አጥቢ እንስሳ ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ አይገኝም። እንቁራሪት ቆዳዋ ስስ ነው፣ ጨው ይገድላታል። እንሽላሊት ግን ቆዳው ቅርፊት ነው። ደሴቶቹ ከአህጉር ጋር በየብስ ተያይዘው ቢሆን ኖሮ እንቁራሪቷም በእግሯ በገባች ነበር።

ዘር ሲሻገር በጠርሙስ ይታያል። እንስሳ ሲሻገር ግን ማን አየ? የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዊልያም ዲለር ማቲው በ1915፣ ከእሱም በኋላ ጆርጅ ጌይሎርድ ሲምፕሰን በ1940 እንስሳት በጎርፍ በተነቀሉ ዛፎች ላይ ሆነው ባሕር ሊሻገሩ እንደሚችሉ ተከራከሩ። ሲምፕሰን ነገሩን በሎተሪ መሰለው። አንድ ቲኬት የቆረጠ ሰው ይወጣልኛል ብሎ ባይጠብቅ ያስኬዳል፤ ቲኬቱ ግን በየዓመቱ ለሚሊዮን ዓመታት ከተቆረጠ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም።

ሐሳቡ ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም። የአህጉራት መንሸራተት በ1960ዎቹ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ጠንካራ መልስ አገኙ። ተመራማሪው ዶን ሮዘን በ1975 የካሪቢያን እንስሳት ባሕር አልተሻገሩም አለ፤ ምድራቸው ራሱ ከአህጉሩ ተገንጥሎ ይዟቸው ሄደ እንጂ። ይህ አሳብ ውበት ነበረው። ዕድልን አይለምንም፤ ለሁሉም አንድ ምክንያት ይሰጣል። የተሻጋሪዎቹ ወገን ግን ታሪኩን ለእያንዳንዱ እንስሳ ለብቻው መተረክ ነበረበት፤ ስለ ግንድና ስለ ጎርፍ፣ ስለ አንዲት እርጉዝ እንሽላሊት። ተቃዋሚዎቹ ይህ ሳይንስ ሳይሆን ተረት ነው ይሉ ነበር፤ እውነት ለመናገር ክሱ ፍትሐዊ ነበር። መርከበኞች ከታላላቅ ወንዞች አፍ የወጡ፣ ዛፍ የቆመባቸው ተንሳፋፊ የደለል ክምሮች አይተናል ብለው ጽፈዋል። ነገር ግን አንድ ትልቅ የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ በቁጥር በርከት ብሎ፣ ወንድና ሴት ሆኖ፣ በማያውቀው ደሴት ሲያርፍና ጎጆ ሲቀልስ ያየ የለም። በ1992 ብሌር ሄጅስና ባልደረቦቹ የካሪቢያን እንስሳትን ፕሮቲን አነጻጽረው፣ አብዛኞቹ ከአህጉር ዘመዶቻቸው የተለዩት ደሴቶቹ ከተገነጠሉ ብዙ ዘመን ቆይቶ መሆኑን አሳዩ። ክብደቱ ወደ ተሻጋሪዎቹ አዘነበለ። የጎደለው የዓይን ምስክር ነበር።

ምስክሩ በ1995 መጣ።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ በፈረንጆቹ መስከረም 5 ቀን፣ ሉዊስ የተባለው አውሎ ነፋስ በትንንሾቹ የአንቲልስ ደሴቶች ሰሜናዊ ጫፍ አለፈ። አራተኛ ደረጃ የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ነበር። አንጉዊላና ጎረቤቷ ሴንት ማርቲን ክፉኛ ተመቱ፤ ጣሪያ ተነቀለ፣ ጀልባ ተሰበረ። ሰው ቆርቆሮውን ሳይመታ፣ አሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ማሪሊን የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ በዚያው አካባቢ አለፈ። እንዲህ ያለ ነፋስ ሲመጣ ወንዝ ዳር ያለ ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ይነቀልና ጎርፉ ይዞት ወደ ባሕር ይወርዳል። ዛፉ ላይ ያደረ ፍጥረት አብሮት ይወርዳል።

አንጉዊላ ወንዝም ትልቅ ደንም የላትም። ስለዚህ መስከረም 23 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት 4 ቀን 1995፣ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻዎች ላይ የታየው ነገር ለባሕሩ ሰዎች እንግዳ ነበር። ለቱሪስት ፎቶግራፍ የሚነሡት ዳርቻዎች አብዛኞቹ ከነፋስ የተከለሉ ናቸው። ምሥራቁ ግን ፊቱን ለአትላንቲክ የሰጠ ነው፤ ውቅያኖሱ የያዘውን ሁሉ የሚያራግፈው እዚያ ነው። በዚያ ሰሞን የተከመረው ግንድና ሥር ነበር። አንዳንዱ ዛፍ ከዘጠኝ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሥሩ እንዳለ ነው፤ ቅርንጫፉ ከቅርንጫፍ ተጠላልፎ እንደ ርብራብ ሆኗል። ዓሣ አጥማጆቹ እንደተናገሩት ክምሩ ከመብዛቱ የተነሣ ከባሕር ወጥቶ እስኪያልቅ ሁለት ቀን ፈጅቷል።

ግንዶቹ ላይ ደግሞ ኢጓናዎች ነበሩ። ኢጓና ለማያውቅ አንባቢ፣ መልኩ ወደ ገበሎ፣ ቁመናው ወደ አርጃኖ የሚያደላ፣ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ እንደ ማበጠሪያ የቆመ እሾህ ያለው፣ ዛፍ ላይ የሚኖር ቅጠል በላተኛ እንሽላሊት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ አንዳንዶቹን አሸዋው ላይ፣ አንዳንዶቹንም ገና በባሕረ ሰላጤው ውስጥ በሚንሳፈፉ ግንዶች ላይ ተቀምጠው አዩአቸው።

እኔን የሚያቆመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንጉዊላ የራሷ ኢጓና አላት። ከዚህ ደሴት እስከ ማርቲኒክ ባሉ ጥቂት ደሴቶች ብቻ የሚገኝ፣ ኢጓና ዴሊካቲሲማ የሚባል ዝርያ ነው። አንድ ሰው በባሕር ዳርቻ ኢጓና አየሁ ብሎ ቢያልፍ፣ ነገሩ በዚያው ተረስቶ ይቀር ነበር። እነዚህ ግን የአገሩ አልነበሩም። ከጆሮው ሥር፣ ጉንጩ ላይ፣ አንድ ትልቅ ክብ ቅርፊት ያለው አረንጓዴው ኢጓና ነው፤ ጅራቱም በጥቁር ቀለበት የተሸነሸነ ነው። የአንጉዊላው ኢጓና ይህ ክብ ቅርፊት የለውም፤ ጅራቱም ወጥ ነው። አረንጓዴው የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ነው፤ አንጉዊላ ላይ ከዚያ ቀን በፊት አልነበረም። ባሕር አጠገብ ኖረው የእንስሳቱን መልክ የሚያውቁ ሰዎች ባይኖሩ፣ ሳይንስ መቶ ዓመት የጠበቀው ማስረጃ በአሸዋው ላይ ተራምዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠፋ ነበር። በኋላ በታተመው ጽሑፍ የተጠቀሱት የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ተብለው ብቻ ነው። ለእኔ ግን የዚህ ግኝት የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች እነሱ ናቸው።

ወሬውን የሚያዳምጥ ጆሮም ነበረ። ኤለን ሴንስኪ ፒትስበርግ ከሚገኘው የካርኔጊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እየመጣች፣ አሜይቫ ፕሌይ የሚባለውን የአንጉዊላ የመሬት እንሽላሊት፣ ሴቷ ወንዱን እንዴት እንደምትመርጥ ለዓመታት ስታጠና ቆይታለች። ኢጓና ፍለጋ አልመጣችም። ነገር ግን በደሴቲቱ ላይ የትኛው እንሽላሊት የት እንዳለ የምታውቅ ተመራማሪ ነበረች። ከካሪም ሆጅና ከጁዲ ደድሊ ጋር ሆና ያዩትን ሰዎች ቃል መሰብሰብ፣ እንስሳቱን መፈለግና መቁጠር ተያያዙ። ቢያንስ 15 አረንጓዴ ኢጓናዎች መድረሳቸውን አረጋገጡ። ከዋናዋ ደሴት በስተምሥራቅ ባለችው በትንሿ ስክረብ ደሴት ላይም ተገኙ።

ከየት ተነሡ? አረንጓዴ ኢጓና ካለባቸው ደሴቶች የሁለቱን አውሎ ነፋሳት መንገድና የባሕሩን ሞገድ አቅጣጫ ሲያገናዝቡ ጣታቸው ጓዴሎፕ ላይ አረፈ። በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ፣ ተራራና ወንዝ፣ ትልልቅ ዛፍም ያለው ደሴት ነው። ዛፎቹን የነቀለው ሉዊስ ከሆነ ጉዞው አንድ ወር ገደማ ፈጅቷል፤ ማሪሊን ከሆነ ሦስት ሳምንት ያህል።

አንድ ወር በጨው ውሃ መሐል፣ ያለ ምንጭ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰው አይችለውም። የኢጓናን አካል ያጠና ሰው ግን ብዙም አይደነቅም። የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይ እንጂ ምግብ አቃጥሎ ስላልሆነ ጥቂት በልቶ ብዙ ይቆያል። ቅርፊቱ የሰውነቱን ውሃ አያስወጣም። ውሃ የሚያገኘው ከሚበላው ቅጠል ነው፤ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። በአፍንጫው ውስጥ ትርፍ ጨው የሚያጣራ ዕጢ አለው፤ ሲያነጥስ ጨው ይረጫል። ወንዝ ላይ ባጎነበሰ ቅርንጫፍ ማደር ይወዳል። ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተሻለ እጩ ማሰብ ያስቸግራል። በአጠገቡ ያደረ እንቁራሪት ቢኖር ኖሮ መንገድ ላይ በቀረ ነበር።

ሴንስኪና ባልደረቦቿ ወዲያው አልጻፉም፤ ይህን ትዕግሥት አከብረዋለሁ። ተቃዋሚዎቹ ምን እንደሚሉ ግልጽ ነበር። ደርሰዋል፣ እሺ፤ ግን ይኖራሉ? በወር ውስጥ ደክመው የሚሞቱ አሥራ አምስት እንሽላሊቶች የአንድን ደሴት ታሪክ አይለውጡም። ስለዚህ ጠበቁ። ከ29 ወር በኋላ፣ በፈረንጆቹ መጋቢት 1998፣ ኢጓናዎቹ በሕይወት ነበሩ። በመካከላቸው ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ፤ አንዷ ሴት ደግሞ ለመራባት ዝግጁ ሆና ተገኘች። በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ጥቅምት ኔቸር መጽሔት አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፋቸውን አወጣ። የዳርዊን ጠርሙስ በመጨረሻ እንስሳ ገባበት።

ክርክሩ በአንድ ገጽ አላለቀም፤ ግን መልኩን ቀየረ። ከዚያ በፊት አንድ ተመራማሪ እንስሳ በግንድ ተሻገረ ቢል ማስረዳት የእሱ ፋንታ ነበር። ከዚያ በኋላ አይቻልም የሚለው ወገን ማስረዳት ጀመረ። በ2020 ፔሩ ውስጥ የተገኙ ጥቃቅን የዝንጀሮ ጥርሶች፣ ከዚያ በፊት በአፍሪካ ብቻ የሚታወቅ ወገን ሆነው ሲገኙ፣ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት አትላንቲክን የተሻገሩ ናቸው ብሎ መጻፍ ተቻለ። ውቅያኖሱ ያኔ ከዛሬው ይጠብ ነበር፤ ቢሆንም ውቅያኖስ ነው። በ2025 ደግሞ በፓስፊክ መሐል በፊጂ ደሴቶች የሚኖሩ ኢጓናዎች የዘር መረጃቸው ሲነበብ፣ የቅርብ ዘመዳቸው በሰሜን አሜሪካ ምድረ በዳ የሚኖረው ኢጓና ሆኖ ተገኘ። ከ34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ተንሳፍፈው መድረሳቸውን ተመራማሪዎቹ ይናገራሉ። ከጓዴሎፕ አንጉዊላ ያለው መንገድ ከዚህ ጋር ሲተያይ ለጎረቤት መጠየቅ ነው።

ያ የፊላደልፊያው ጥርስም በዚህ ብርሃን ታየ። አምብሊራይዛ የደቡብ አሜሪካ አይጦች ወገን ነው፤ የእነዚህ አይጦች የጥንት አባቶች ደግሞ ከአርባ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ በባሕር የሄዱ መሆናቸውን ቅሪተ አካሉ ያመለክታል። የእኛ ጃርት የሩቅ ዘመዳቸው ነው። መጀመሪያ አንድ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከዚያ እንደገና ሌላ ባሕር አቋርጦ፣ በመጨረሻ ጠላት በሌለበት ደሴት ላይ ደርሶ ያን ያህል የገዘፈ ዘር ነበር። ጭነቱን የከፈቱት ነጋዴዎች ያን ሁሉ መንገድ በእጃቸው ይዘው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን የመጡት እንግዶች ወደ ባዶ ቤት አልገቡም። የአንጉዊላው ኢጓና ቀድሞውንም ችግር ላይ ነበር፤ ሰው አድኖ በልቶታል፣ ፍየል ቁጥቋጦውን ጨርሶበታል፣ ውሻና ድመት ልጆቹን ለቅመውበታል፣ ጎጆ የሚቆፍርበት አሸዋ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። አረንጓዴው ከእሱ ብዙ እንቁላል ይጥላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለቱ ይዳቀላሉ፤ ድቅሉም ይወልዳል። ጦርነት ሳይኖር፣ ሬሳ ሳይታይ፣ አንዱ ዘር በሌላው ውስጥ እየሟሟ ይጠፋል። በጓዴሎፕ ተመራማሪው ሚሼል ብረይ ለዓመታት የተከታተለው ይህንኑ ነው። ዴሊካቲሲማ ከአንቲጓ፣ ከሴንት ኪትስ፣ ከሴንት ማርቲን ጠፍቷል፤ የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መዝግቦታል።

ኢጓናዎቹ በተፈጥሮ መንገድ ነው የመጡት፣ የመጣውን መጣ ብሎ መተው ነው የሚል ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ። ላይ ላዩን ሲያዩት ሚዛናዊ ይመስላል። ግን አልቀበለውም። ጓዴሎፕ ላይ የነበሩት አረንጓዴ ኢጓናዎች ራሳቸው በሰው እጅ ወደ እነዚያ ደሴቶች የገቡ ናቸው፤ ነፋሱ ያነሣቸው ሰው ካስቀመጣቸው ቦታ ነው። በተፈጥሮ አካሄድ በብዙ ሺህ ዓመት አንዴ የሚደርሰው ነገር አሁን በየጥቂት ዓመቱ ይደርሳል፤ ኮንቴይነር አለ፣ የግንባታ ዕቃ አለ፣ የቤት እንስሳ ንግድ አለ። ደሴት የሚለማመደው በዝግታ ነው። ዕድል ያመጣው አንድ እንግዳና በየመርከቡ የሚወርድ ሰልፍ ለደሴት አንድ አይደሉም።

የአንጉዊላ ብሔራዊ ትረስት ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቱ ከፋውና ኤንድ ፍሎራና ከሌሎች ጋር ሆኖ የወሰደው እርምጃ፣ ባሕሩ በ1995 ያደረገውን በእጅ መድገም ነበር። ባለሙያዎቹ በዋናዋ ደሴት ላይ ያልተዳቀሉ ዴሊካቲሲማዎችን ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ፈለጉ። ያገኙት ከሁለት ደርዘን አይበልጥም። እነዚያን ይዘው በስተሰሜን፣ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኝ ፕሪክሊ ፒር ኢስት ወደምትባል ትንሽ ደሴት አሻገሯቸው። እዚያ አረንጓዴ ኢጓና የለም፤ ነዋሪም የለም። ጎብኚዎች ቀን ቀን በጀልባ መጥተው አሸዋዋ ላይ ውለው ይመለሳሉ።

ቁጥሩ ግን ለዘር ማነሡ አሳሳቢ ነበር። የአንጉዊላዎቹ ዘር ሲመረመር ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት እንስሳት እርስ በእርሳቸው ብቻ ሲዋለዱ ደካማ ልጅ ይወጣል። ስለዚህ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ዴሊካቲሲማዎች ዘር ተነጻጽሮ፣ ዶሚኒካ ተመረጠች። በ2021 ከዚያ አሥር ወጣት ኢጓናዎች መጥተው ፕሪክሊ ፒር ላይ ተለቀቁ። ዛሬ በዚያች ደሴት ላይ ያሉት ከ300 በላይ ሆነዋል።

ዶሚኒካ የተመረጠችው ብዙ ንጹሕ ዘር የቀረባት ትልቅ ደሴት ስለሆነች ነው። እሷም ግን ከዚያ በፊት ተመትታለች። በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ካወደመ በኋላ፣ አረንጓዴ ኢጓናዎች ከዚያ በፊት ባልነበሩበት አገር መታየት ጀመሩ። ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት ለተጎዳው ሕዝብ ከተላከው ዕርዳታ ጭነት ጋር መግባታቸውን ነው። ባለሙያዎች በወደቡ አካባቢ እየፈለጉ እየያዟቸው ነው፤ በጊዜ ካልተያዙ ጓዴሎፕ ላይ የሆነው እዚያም ይሆናል። ያ ከሆነ፣ አንጉዊላን ለማዳን የተላኩት የአሥሩ ወጣቶች ልጆች የዶሚኒካም መጠባበቂያ ይሆናሉ ማለት ነው፤ ጀልባ የሚያመላልሱ ሰዎች ፕሪክሊ ፒር ላይ ከሚወርደው ዕቃ ሁሉ መካከል ክብ ቅርፊት ያለው ጉንጭ እንዳይኖር ዓይናቸውን ጥለው እስከጠበቁ ድረስ።